የመኪናዋን እግር የቆረጠው ሙሽራ

ጋምቤላ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁሉ መኪናውን ከፍ ለማድረግ ይጥራል። ባሌስትራ ላይ ባሌስትራ ያስደርባል፣ ትልልቅ ጎማ ያስገባል። ምክንያቱን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ክረምት እዚህ መኖር ይበቃል። የአጎቴ ልጅ ኦጆት እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ አድጎ፣ እንደ ማንኛችንም ጭቃ ውስጥ መኪና ሲገፋ የኖረ ሰው ነው። ያም ሆኖ ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ፒካፑን ግቢው ውስጥ ከማንጎው ሥር አቁሞ ዝቅ ሊያደርጋት ተነሣ። የተበላሸ ነገር አልነበራትም። እንድታምርለት ነው።

ወሬውን ሰምቼ ስደርስ ፒካፗ ጎማዎቿ ወልቀው ግንድ ላይ ተቀምጣለች። ኦጆት በጀርባው ተኝቶ ከሥሯ ገብቷል፤ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው። ግራይንደሩ ይጮኻል፣ የብረቱ ብልጭታ በደረቁ ቅጠል ላይ ይረግፋል። ጓደኛው ውቤ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ስልኩን ደግኗል። ውቤ ከጎሬ መጥቶ እዚህ ባንክ ቤት የሚሠራ ልጅ ነው። መኪና የለውም፣ መንጃ ፈቃድ የለውም፤ ስለ መኪና የማያወራው ነገር ግን የለም።

«ጋሽ አብኔር! በሰዓቱ ደረስክ» አለኝ። «የፊቱን ሞላ እየቆረጥን ነው።»

«እየቆረጥን? አንተ ምኑን ይዘህ ነው?»

«ቪዲዮውን።»

ኦጆት ድምፄን ሲሰማ ከሥር ተንፏቆ ወጣ። ፊቱ ላይ የብረት ብናኝ ተነስንሶበታል፤ ደስታው ግን የመጀመሪያ ልጁን የታቀፈ ሰው ያስመስለዋል።

«ወንድሜ፣ ና እይ! የፊቱን ሞላ እቆርጣለሁ፣ ከኋላው ባሌስትራ ደግሞ ታች ታቹን ብረት አወጣለሁ። ከዚያ መሬት ለመሬት ነው የምትሄደው። ውቤ፣ አሳየው እስቲ!»

ውቤ አሳየኝ። የትኛው አገር እንደሆነ የማላውቀው ጎዳና ላይ፣ ጉድጓድ የሚባል ነገር በሌለበት፣ አንዲት ጥቁር ፒካፕ ሆዷ አስፋልቱን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ትንሸራተታለች። ከኋላዋ ምንም አልተጫነም። ሰው የለም፣ በቆሎ የለም፣ ዓሣ የለም፣ ወደ ሆስፒታል የሚወሰድ ታማሚ የለም። የዚያ አገር ሰው መኪናውን ዝቅ ቢያደርግ አልፈርድበትም፤ መንገዱ ተሠርቶ አልቆለታል፣ የሚሠራው አጥቷል። እኛ ግን መንገድ ይሠራልን እያልን በየስብሰባው ጉሮሯችን እስኪዘጋ የምንጮኽ ሰዎች ነን። የዚያን ሰው ሥራ ፈትነት ከስልክ ላይ መኮረጃችን ደሜን አፈላው።

«አክስቶቿስ?» አልኩት ኦጆትን።

«የማን?»

«የአኬሎ ነዋ! የት ነው የሚቀመጡት?»

ይህን የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የኦጆት እጮኛ አኬሎ ኢታንግ አስተማሪ ናት፤ ቁም ነገረኛ ልጅ ናት፤ ኦጆትን ምን ብላ እንደወደደችው እግዚአብሔር ያውቃል። አባቷ አቶ አኳይ ልጁን አልወደዱትም ነበር። የሚያብለጨልጭ ነገር ይወዳል፣ ከባድ ነገር አይችልም ብለው ነገሩኝ፤ እኔም ሽማግሌ ሆኜ ከፊታቸው ተቀምጬ የማላምንበትን ስከራከር ዋልኩ። በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማሙ። ኦጆት ልጅቱን በገዛ መኪናው፣ በቤተሰቧ ልማድ፣ ከነአክስቶቿ ይወስዳታል። ይህን ካጓደለ ጋብቻው የለም።

በአኬሎ ቤተሰብ ሙሽራ ብቻዋን ከቤት አትወጣም። የአባቷ እህቶች ሁሉ ሙሽራዋ በምትሄድበት ነገር ላይ አብረዋት ይሳፈራሉ። አንዴ ከተሳፈሩ ደግሞ የሙሽራው እናት ደጃፏ ላይ ውሃ እስክትሰጣቸው ድረስ እግራቸው መሬት አይነካም። ከመንገድ ላይ ከወረዱ ሙሽራዋ ተመለሰች ማለት ነው፤ ነገሩ ያበቃል። ልማዱ ከታንኳ የመጣ ነው። ድሮ ሙሽራ በባሮ ላይ በታንኳ ስትወሰድ ወንዝ መሃል ልውረድ የሚል አልነበረም። ታንኳው ቀርቶ መኪና ሲመጣ አክስቶቹ መኪናው ላይ ወጡ። ኦጆት ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስንስማማ አጠገቤ ተቀምጦ እንደ እንሽላሊት ራሱን ሲነቀንቅ ነበር።

«አክስቶቿ በሚኒባስ ይመጣሉ» አለኝ አሁን። «ጨርሻለሁ፣ ተነጋግሬበታለሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ከውቤ ጋር።»

ውቤ በትሕትና ራሱን ዝቅ አደረገ።

«ኦጆት፣ አንድ መኪና ብዬ ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ። በእኔ አፍ ነው የተስማማኸው።»

«ወንድሜ፣ አንተ ሁሉን ነገር ፍርድ ቤት ታደርገዋለህ። በሠርግ ቀን ማን ይከራከራል? ሁሉ ይጨፍራል፣ ሁሉ ደስ ብሎታል። ሚኒባሱ በሪባን ተውቦ ሲያዩት ራሳቸው ዘለው ይገቡበታል።»

«መንገዱም ቢሆን እኮ እስከ ኢታንግ አስፋልት ነው» አለ ውቤ።

«አኬሎ አስፋልቱ ላይ ነው የምትኖረው?»

የአኬሎ አባት ቤት ከአስፋልቱ ታጥፎ ወደ ወንዙ የሚወርደው የጭቃ መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። ሁለቱም ሄደውበታል። ሁለቱም አንድ ጊዜ ተይዘውበታል።

እዚያው ቆሜ ለአኬሎ ደወልኩላት። የሆነውን ነገርኳት። «መኪናዋን ምን አደረጋት?» ብላ አስደገመችኝ። ከዚያ «እኔ አክስቶቼን ሚኒባስ ውስጥ አላስገባም፤ ንገረው» አለች። ነገርኩት። ሳቀ። ግራይንደሩን አስነሥቶ ተመልሶ ገባ።

ከባሌስትራው ያወጣቸውን ብረቶች ምን እንዳደረጋቸው ልንገራችሁ። ለገበያው ቀጥቃጭ ሰጣቸው፣ ዶማ ይሠራባቸው ብሎ። ሰው ሞኝነት ሲሠራ ቢያንስ የመመለሻ መንገድ ይተዋል። ይህ ግን መመለሻውን ዶማ አድርጎ ለገበሬ አከፋፈለው።

ሥራው ካለቀ በኋላ የቀሩትን ቀናት በሙሉ ፒካፗን ባዶዋን ከተማ ውስጥ ሲያንሸራሽራት ከረመ። መሬት ላይ የተደፋች ትመስላለች። እሱ ጋቢናው ውስጥ ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ አንድ እጁን በመስኮት አውጥቶ፣ በሰው እግር ፍጥነት ይነዳል። ውቤ ከኋላ በባጃጅ እየተከተለ ይቀርጻል። ባዶ መኪና በደህና አስፋልት ላይ ስለሄደ ሁለቱም የፈጠራ ባለቤት ሆኑ። መንገድ ላይ ያገኘሁት የማውቀው ሹፌር ሁሉ «ያ ዘመድህ መኪናው ምን ሆኖበት ነው?» እያለ በሐዘን ይጠይቀኛል፤ እኔም «ራሱ ነው የሆነባት» እላለሁ።

የሠርጉ ቀን ቅዳሜ ነበር። ሌሊቱን ዘንቧል። ኦጆት ሱፍ ለብሶ ፒካፗን እየነዳ፣ እኔና ውቤ በሪባን በተጠቀለለው ሚኒባስ እየተከተልን ኢታንግ ደረስን። ከአስፋልቱ ስንታጠፍ የፒካፗ ሆድ መሬቱን ሲፍቅ ከኋላ ሆኜ ይሰማኛል፤ ድስት ሲፋቅ የሚወጣው ዓይነት ድምፅ። ባዶ ስለነበረች ግን እንደምንም አለፈች፤ ኦጆትም በመስኮት አውራ ጣቱን አወጣልን። ድል አደረገ ማለት ነው።

አቶ አኳይ ደጃፋቸው ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠዋል። ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት መኪናዋን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አዩዋት።

«ታማለች?» አሉ።

«አይ አባባ፣ ስታይል ነው» አለ ኦጆት።

«ምን?»

«ስታይል።»

«ባለፈው ስትመጣ ቆማ ነበር» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የሕግ ሰው፣ የተነጋገርነው በዚህች ላይ ነው?»

«በዚህችው ላይ ነው፣ አቶ አኳይ» አልኩ። ምን ልበል?

ጸሎት ተደረገ፤ የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ዘመረ። አኬሎ ነጭ ልብሷን ለብሳ ወጥታ ጋቢናው ውስጥ ገባች። መኪናዋን ስታይ ፊቷ ላይ አንዲት ነገር አልተንቀሳቀሰችም፤ እኔ ኦጆትን ብሆን ኖሮ ከዚያ ፊት እሸሽ ነበር። ከዚያ አክስቶቹ መጡ። ከፊት አጁሉ ናት፤ የሁሉም ታላቅ፣ ገበያ ውስጥ ዓሣ ስትሸጥ ድምጿ ወንዝ ማዶ የሚሰማ ሴት። ከኋላዋ እህቶቿ ተከትለዋል፤ ዱካቸውን፣ ድስታቸውን፣ ምንጣፋቸውን፣ ለሙሽራዋ የሚሰጠውን አዲስ ሙቀጫና ዘነዘና ተሸክመዋል። ውቤ ሮጦ የሚኒባሱን በር ከፈተላቸው።

«በዚህ በኩል፣ እናቴ! ለእናንተ የተዘጋጀ ነው፤ ኤሲ አለው!»

«ኤሲ ምንድን ነው?» አለች አጁሉ በአማርኛ።

«ቀዝቃዛ አየር ነው።»

«እኔ ዓሣ ነኝ በቅዝቃዜ የምጫነው?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም። ፒካፗ ጋ ሄዳ፣ ያለማንም ደጋፊ ከኋላዋ የዕቃ መጫኛው ላይ ወጣች፣ ዱካዋን አስተካክላ ተቀመጠች። እህቶቿም አንድ በአንድ ተከተሏት። አንዲቷ በወጣች ቁጥር መኪናዋ ትንሽ ትወርዳለች። ሙቀጫው ሲጫን ጎማው ከላዩ ያለው ፓራፋንጎ ውስጥ ገባ። የመጨረሻዋ ስትቀመጥ ከሥር አንድ ደረቅ ድምፅ ወጣ፤ ሸክሙን የያዘው ብረት፣ ሻንሲው፣ ጎማዎቹን በያዘው አክስል ላይ አረፈ። የኦጆት ፈገግታ እዚያው ፊቱ ላይ ነበረ፣ ባለቤቱ ግን ትቶት ሄዷል።

ሞተሩን አስነሥቶ ነዳ። ብረቱ ጎማውን ሲበላ ጎማ ጎማ ሸተተ። ከደጃፉ ጥቂት ራቅ እንዳለች ሆዷ በመንገዱ መሃል ያለው የጭቃ ጉብታ ላይ ቁጭ አለች። ኦጆት ነዳጅ ጨመረ። የኋላ ጎማዎች በቦታቸው ዞሩ፤ ከኋላ ቆሞ ይቀርጽ የነበረው ውቤ ከአፍንጫው እስከ ጫማው ጭቃ ለበሰ። ያን ቀን ሁለተኛው ሳቅ ያ ነበር።

ኦጆት ወረደ። ጎማውን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ አክስቶቹን አየ። ከዚያ፣ እኔ እየሰማሁ፣ አባቷ እየሰሙ፣ እንዲህ አለ፦

«አክስቴ አጁሉ፣ እባካችሁ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ውረዱልኝ። እዚያች ጋ ድረስ፤ አስፋልቱ ላይ ትሳፈራላችሁ።»

ሳቁ ቆመ። አቶ አኳይ ከወንበራቸው ተነሥተው በጭቃው ውስጥ ቀስ ብለው መጡ።

«ምን አለ?» አሉኝ፤ ሰምተውታል።

«አልተናገረም» አልኩ። «ሊናገር ነበር፣ ትቶታል።»

«ሰምቼዋለሁ። የእህቶቼ እግር መሬት ከነካ ልጄ ቤቷ ናት። ድግሱ ቀርቧል፣ ሁላችሁም ምሳ ብሉና ሂዱ።» ወደ ኦጆት ዞሩ። «ቆማ የምትሄድ መኪና ነበረችህ። እግሯን ቆረጥክ። ልጄን ወስደህ ምኗን ልትቆርጥ ነው?»

አንድ ሰው ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሕይወቱን ይወስናል። ኦጆት የሰጠውን ስሙ። መንገዱ ነው አለ። ሌሊት ስለዘነበ ነው አለ። ጎማው በደንብ አልተነፋም አለ። ውቤ ቪዲዮው ላይ አይቶ ነው አለ፤ ውቤ አፉ ውስጥ ጭቃ ስለነበረ አልመለሰም። በመጨረሻ ወደ መጫኛው እጁን ዘርግቶ «ክብደቱ እኮ…» አለ።

«ክብደቴ?» አለች አጁሉ። «ክብደቴን ዛሬ ተበድሬ ነው የመጣሁት? ይኸው ኢታንግ መመላለስ ከጀመርክ ወዲህ እዚሁ ገበያ ላይ ተቀምጬ ስታየኝ ነበር። መኪናህን ስትቆርጥ ለማን ብለህ ለካኸው? ለነፋስ?»

እኔም አልቻልኩም፤ በሽማግሌ ወግ መናገር ሲገባኝ በሰው ፊት ጮኽኩበት። «መልስ እንጂ!» አልኩት። «ይህን ሁሉ ሰው ጭቃ ውስጥ አቁመህ ዝናቡን ትከሳለህ? እጅህ ነው የቆረጠው! እጄ ነው በል!»

ኦጆት ከሱፉ እጅጌ ላይ ጭቃ ማራገፍ ጀመረ። አክስቶቹ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ምንም የማይቸግረው ሰው መስለው ይጠብቃሉ። እውነትም የሚቸግራቸው ነገር አልነበረም፤ ቤታቸው እዚያው ነው።

ያኔ የጋቢናው መስኮት ወረደ።

«ኦጆት፣ ና ወደዚህ» አለች አኬሎ።

ሄደ።

«ልታገባኝ ትፈልጋለህ?»

«ምን ጥያቄ ነው፣ አኬሎ?»

«ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም?»

«እፈልጋለሁ።»

«እነሱ አይወርዱም። እኔም አልወርድም። ከወረድኩ የምገባው እናቴ ቤት ነው። ስለዚህ ከነጭነታችን አንሣን።»

«ክሪኩ ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል። ደግሞ ሱፉ…»

«እንግዲያው ሱፍህን አግባው» አለችና መስኮቱን መዝጋት ጀመረች።

ኦጆት መስኮቱን በእጁ ያዘ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ የሚሰጠው ሰው ፈለገ፤ ውቤ ጭቃ ነው፣ እኔ እጄን አልዘረጋሁም። ኮቱን የመኪናዋ ኮፈን ላይ ጥሎ ከመቀመጫው ሥር ክሪኩን አወጣ። በሆዱ ተኝቶ ገባ። ክሪኩ ገና ሸክሙን ሲቀበል እንዳለው ሰመጠ። ከላይ አጁሉ ተነሥታ ቆማ፣ የተቀመጠችበትን ወፍራም ዱካ በጎን አወረደችለት።

«ከሥሩ አድርገው» አለች። «እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። መቆም አውቅበታለሁ።»

ዱካውን ከክሪኩ ሥር አደረገ። ክሪኩን በገፋ ቁጥር መኪናዋ ከነሴቶቹ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ ከፍ ባለች ቁጥር ሴቶቹ እልል ይላሉ። እልልታው የክብር አልነበረም። ጎማው ከፓራፋንጎው ሲላቀቅ አሁን በአክስሉና በሻንሲው መካከል የሚገባ ጠንካራ እንጨት አስፈለገ፤ መኪናዋ ተመልሳ እንዳትወድቅ። በግቢው ያለው እንጨት ሁሉ የማገዶ እንጨት ነው፤ ሲጫኑት ይፈረካከሳል።

ከአክስቶቹ አንዷ የሙሽራዋን ዘነዘና አነሣች። አጁሉ ተቀብላ በእጇ መዘነችው፣ ከዚያ ለኦጆት ወረወረችለት።

«መቁረጥ ትወዳለህ፤ ቁረጥ።»

አዲስ፣ ቀይ፣ ለስላሳ ዘነዘና ነው። የአኬሎ አባት ራሳቸው የጠረቡት። ኦጆት ወደ እሳቸው አየ። አቶ አኳይ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው ቆሙ፤ ሊያዩ አልፈለጉም፣ ሊከለክሉም አልፈለጉም። ኦጆት መጋዝ ተውሶ በሁለት ቆረጠው። የመጀመሪያውን ቁራጭ ሲያስገባ እጁ ተላጠ። ሁለተኛውን አስገብቶ ጎማ ውስጥ በሚነፋው በካላማዳሪ ላስቲክ ጠቅልሎ አሰረና ከሥር ወጣ። ሸሚዙ፣ ክራቫቱ፣ ጆሮው ሳይቀር ጭቃ ነው። አቶ አኳይ ፊት ሄዶ ቆመ።

«እጄ ነው» አለ። «ሌላ የሰው እጅ የለበትም።»

ሽማግሌው የተላጠ እጁን አዩ።

«ዘነዘናውን መልሰህ ትጠርብላታለህ» አሉ።

«እሺ አባባ።»

«መጥረብ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ይህን እንኳ በእውነት መለስክ» አሉና መንገዱን ለቀቁ።

በዚያ መኪና ላይ አሁን ባሌስትራ የለም፣ ሞላ የለም፤ ብረት በእንጨት፣ እንጨት በብረት ነው። ጠጠር ላይ ስትወጣ ጠጠሩ አክስቶቹ ወገብ ውስጥ ይገባል። መኪናዋ አንድ ጉድጓድ ስትነካ አንዷ «ኦጆት!» ብላ ጮኸች፣ ሁለተኛውን ስትነካ ሌላዋ ቀጠለች፣ ከዚያ ጩኸቱ ዜማ ሆነ። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ አጁሉ ግጥሙን አወጣች። እኛ በሚኒባሱ ከኋላ ነን፣ እኔና ጭቃው ደርቆ የሚፈረፈረው ውቤ፣ ባዶ ወንበር መሃል፣ ኤሲው እየነፈሰብን። መስኮቱን ከፍቼ ሰማሁት። በአኙዋክኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው ይህን ይመስላል፦

ቆማ ስትሄድ ደስ አይልህም ወይ፣
በሆዷ ነዳሃት እንደ እባብ ወይ!

ፒካፗ ከሰው እርምጃ ብዙም አትፈጥንም። በየመንደሩ ሰው እየወጣ ያያል፣ ግጥሙን ያጠናል፣ ከጎን እየሮጠ ይቀበላል። ጋምቤላ ስንደርስ ከእናቱ ደጃፍ በኋላ የምንሄድበት የቤተ ክርስቲያን ሰዓት አልፏል፤ ፓስተሩ ስልክ ላይ «አለን፣ እየጠበቅናችሁ ነው» የሚለውን ቃል በድካም ሲደጋግም ነበር። ዘፈኑ ግን በየሰፈሩ ቀድሞን ይደርስ ነበር።

የከተማው መግቢያ ላይ ኦጆት ስልክ ደወለልኝ። መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ነው።

«ወንድሜ፣ አንተ ሽማግሌ ነህ፤ ዘፈኑን ይበቃል በላቸው። የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ሁሉ መንገድ ላይ ቆመዋል!»

«እኔ የተዋዋልኩት አክስቶቹን ለማጓጓዝ ነው» አልኩት። «አፋቸውን ለመዝጋት አልተዋዋልኩም።»

«አኬሎ እንኳ አንድ ነገር በያቸው ብላት እምቢ አለች!»

«አስተዋይ ናት። ለአንተ ብዙ ናት።» ዘጋሁት።

እውነቱን ለመናገር እኔም አንድ ነገር ትላቸዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ባሏ ሊሆን ነው፤ የሱ መሳቂያ መሆን ለእሷም ይተርፋል። የጋቢናው መስኮት ሲወርድ አየሁ። ነጭ እጅጌ ያጠለቀው ክንዷ ወጣ፤ መጀመሪያ ሴቶቹን ዝም በሉ የምትል መስሎኝ ነበር። እነሱም መስሏቸው ዝም አሉ። እሷ ግን የመኪናዋን በር ከውጭ በመዳፏ እንደ ከበሮ መታ መታ አደረገችና፣ ያ ሁሉ ሰው በግራና በቀኝ ቆሞ እየሰማ፣ የራሷን ቤት ጨመረች፦

የኔው ነው፣ የኔው ነው፣ ምን አደርጋለሁ፣
እግር እስኪያበቅል እጠብቃለሁ!

አክስቶቹ እልል ብለው ተቀበሏት። አሁንስ እልልታው ሌላ ነበር። ኦጆት መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ ተክሎ፣ ጉድጓዱን ሁሉ በጥንቃቄ እየዞረ፣ ወደ እናቱ ደጃፍ ነዳ።